መኪናዬ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ተፈተሸ፤ ለተወሰደብኝ ዕቃም ወረቀት አልተሰጠኝም

ጥያቄ፦ ከ«የወለንጪቲ መንገድ»

ጤና ይስጥልኝ። ጉዳዬ ረዘም ስለሚል ታግሣችሁ እንድታነቡልኝ እጠይቃለሁ። ነዋሪነቴ አዳማ ነው። ከእህቴና ከሕፃን ልጇ ጋር በቤት መኪና ከድሬዳዋ ስመለስ፣ አዋሽን፣ መተሐራንና ወለንጪቲን አልፌ ወደ ከተማው ለመግባት ጥቂት ሲቀረኝ፣ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ በመንገዱ ዳር የቆሙ ፖሊሶች በባትሪ ምልክት ሰጥተው አስቆሙኝ። ፍሬቻ አሳይቼ ዳር ያዝኩ። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ የሦስተኛ ወገን መድንና ቦሎ ተጠየቅሁ፤ ሁሉም የተሟላ ነበር።

ጉዳዩ እዚያ ላይ ያበቃል ብዬ ስጠብቅ፣ ሲቪል የለበሰ ሌላ ሰው መጥቶ ሁላችንንም ከመኪና እንድንወርድ አዘዘ። ማን እንደሆነ ስጠይቀው «ስትጠየቅ ትመልሳለህ እንጂ አትጠይቅም» የሚል መልስ ሰጠኝ። የኋላውን ኮፈን አስከፍተው ሻንጣዎቹን መሬት ላይ አወረዱ፤ ስኮርታ ጎማውንና ክሪኩን አወጡ፤ ምንጣፉን ገልጠው፣ ዳሽቦርዱን ከፍተው ፈተሹ። ከፈታሾቹ መካከል ሴት አልነበረችም። ሆኖም የእህቴን የእጅ ቦርሳ አንዱ ተቀብሎ በሞተሩ ኮፈን ላይ ዘረገፈው፤ የሕፃኑ ጡጦና የክትባት ካርዱ ሳይቀሩ እዚያው ተበተኑ። ከዚያም የእጅ ስልኬን ከፍቼ እንድሰጥ ታዘዝኩ፤ ሲቪል የለበሰው ሰው ፎቶዎቼንና የቴሌግራም መልእክቶቼን አንድ በአንድ እያየ ረዘም ላለ ጊዜ ቆየ።

በመጨረሻ የመሥሪያ ቤቴን ላፕቶፕና ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ለወንድሜ የገዛሁትን አዲስ ስልክ «ይጣራል፤ ነገ ጣቢያ መጥተህ ትወስዳለህ» ብለው ያዙ። ዝርዝር አልተጻፈም፤ ማንም አልፈረመም። በማግስቱ ወደ ተነገረኝ ጣቢያ ስሄድ ላፕቶፑን ያለ ምንም ፊርማ አውጥተው ሰጡኝ፤ ስለ ስልኩ ግን ተረኛው «እንዲህ ያለ ዕቃ አልተመዘገበም» አለኝ። የጣቢያውን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ፍላጎቴ ስም ማጥፋት ሳይሆን ሕጉ ምን እንደሚል ማወቅ ነው።

ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲህ መፈተሽ ይችላሉ ወይ? የእህቴን ቦርሳ ወንድ መበርበሩ፣ ስልኬን ማንበባቸውስ? ከሁሉም በላይ ደግሞ አሁን ለማን ነው የማመለክተው? ስልኩን የገዛሁት ያለ ደረሰኝ መሆኑን አስቀድሜ ልናገር።

መልስ፦ ከ«ባለ ተሳቢ»

ወንድሜ፣ እንኳን በሰላም ገባችሁ። እኔ በጅቡቲ መስመር የምሠራ ሹፌር ነኝ፤ በዚህ መንገድ መፈተሽ ለእኛ እንደ ነዳጅ መቅዳት የተለመደ ነገር ነው። ሕጉን ለሚያውቁት ትቼ የመንገዱን ብቻ ልናገር። በዚህ መስመር ላይ የሚያስቆምህ አካል አንድ ዓይነት አይደለም፤ ትራፊክ አለ፣ የክልል ፖሊስ አለ፣ ፌዴራል አለ፣ ገመድ የተዘረጋበት የጉምሩክ ኬላ አለ። እያንዳንዱ የሚፈልገው የተለያየ ስለሆነ፣ መስታወቱን ዝቅ አድርገህ ሰላምታ ከሰጠህ በኋላ የመጀመሪያው ነገር ከየት እንደሆኑ በትሕትና መጠየቅ ነው። በቁጣ ከጠየቅህ ፍተሻው ይረዝማል እንጂ አያጥርም።

ሁለተኛው ነገር፣ በአራቱም በር በአንድ ጊዜ እንዲገቡ አትፍቀድ። እንዴት አትፍቀድ ትለኝ ይሆናል፤ «ጌታዬ፣ እኔው ልክፈትልዎት» እያልክ አንዱ በር ተፈትሾ ሲያልቅ ሌላውን ትከፍታለህ። አብዛኛዎቹ ይስማማሉ፤ ለእነሱም ቢሆን በኋላ «ዕቃ ጠፋብኝ» ከመባል ያድናቸዋል። ቪዲዮ መቅረጽን ግን በጨለማና መሣሪያ በያዘ ሰው ፊት አልመክርም።

መልስ፦ ከ«ጠበቃ በአዳማ»

ጠያቂው ጉዳዩን በዝርዝር ማቅረብዎ መልስ ለመስጠት አመቺ አድርጎልኛል። በቅድሚያ ማስቆምና መፈተሽ በሕግ ፊት የተለያዩ ድርጊቶች መሆናቸውን ልብ ይበሉ። አስቁሞ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ መድንና ዓመታዊ ምርመራ መጠየቅ የትራፊክ ቁጥጥር ሥራ ስለሆነ በወንጀል መጠርጠርም ሆነ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አያስፈልገውም። ኮፈን አስከፍቶ ሻንጣ መበርበር ግን ሌላ ሥልጣን ይጠይቃል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የማንኛውም ሰው ሰውነት፣ መኖሪያ ቤትና ንብረት ከመመርመር የተጠበቀ መሆኑን ይደነግጋል፤ መኪና ንብረት መሆኑ ደግሞ አያከራክርም። መብቱ ገደብ የለሽ አይደለም፤ የዚሁ አንቀጽ ንኡስ አንቀጽ 3 አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠር፣ ብሔራዊ ደኅንነትን፣ የሕዝብን ሰላምና ወንጀልን መከላከልን በመሳሰሉ ዓላማዎች ላይ በተመሠረቱ ዝርዝር ሕጎች መሠረት ሊገደብ እንደሚችል ያስቀምጣል። ስለዚህ ፈታሹ «ወንጀል ለመከላከል ነው» ማለቱ ብቻውን በቂ አይሆንም፤ ይህን ሥልጣን የሚሰጠው ዝርዝር ሕግ የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ ይከተላል።

ክርክሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 32 ቤትና ግቢ ያለ ብርበራ ትእዛዝ እንዳይፈተሽ ከከለከለ በኋላ ሁለት ልዩ ሁኔታዎችን ይፈቅዳል። አንደኛው ወንጀለኛ እግር በእግር ሲከታተሉት ገብቶ ሲሸሸግ ወይም ዕቃውን ሲደብቅ ነው። ሁለተኛው፣ አቤቱታ የቀረበበትና ከሦስት ዓመት በላይ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃ በአንድ ስፍራ መኖሩ ተጠቁሞ፣ ትእዛዝ እስኪወጣ ቢጠበቅ ዕቃው እንደሚሸሽ በበቂ ምክንያት ሲታመን ነው። ሕጉ በተጻፈበት ዘመን የሕግ አውጪው ሐሳብ ቤት ላይ ስለነበር መኪናን በስም አልጠራም። አንዳንድ ባልደረቦቼ «በስም ካልተጠራ አልተከለከለም» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ሕገ መንግሥቱ ንብረትን በጠቅላላው ከጠበቀ በኋላ የበታች ሕግ ዝምታ ፈቃድ ሊሆን አይችልም። በእኔ እምነት መኪና ተንቀሳቃሽ በመሆኑ ሁለተኛው ልዩ ሁኔታ ሊሠራበት ይችላል፤ ይሁንና ያኔም ጥቆማው፣ የወንጀሉ ክብደትና የመሸሽ ሥጋቱ መኖራቸውን ማስረዳት ያለበት ፖሊሱ ነው እንጂ አለመኖራቸውን ማስረዳት ያለብዎት እርስዎ አይደሉም።

አንድ ነገር በቅንፍ ልጨምር። በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 የተሻረው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001፣ ብዙ ሲተች የኖረ ሕግ ሆኖ ሳለ፣ ተሽከርካሪና እግረኛን አስቁሞ ድንገተኛ ፍተሻ ለማድረግ እንኳ የፌዴራል ፖሊስ ዋና ኃላፊን ወይም የወከለውን ሰው ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። ማንኛውም ፖሊስ በማንኛውም ሰዓት መኪና መበርበር የሚችል ቢሆን ኖሮ ያ አንቀጽ ባላስፈለገ ነበር።

በአዋሽ መስመር ግን የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 መኖሩን መዘንጋት አይገባም። ይህ አዋጅ ለጉምሩክ ሹሞች ማጓጓዣን አስቁሞ የመፈተሽ ሰፊ ሥልጣን ይሰጣል፤ ኬላ ላይ «የፍርድ ቤት ትእዛዝ አምጣ» ብሎ መከራከርም ብዙ አያራምድም። እንዲሁም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀባቸው ወቅቶች ያለ ትእዛዝ መፈተሽ ይፈቀድ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ለዚህ ነው «ባለ ተሳቢ» ማንነታቸውን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል ማለታቸው ከሕግም አንጻር ትክክል የሚሆነው።

ስለ ቦርሳው፣ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 32 የተያዘ ሰው ሲፈተሽ ፈታሹ ተመሳሳይ ጾታ ያለው መሆን እንዳለበት በግልጽ ይደነግጋል። ድንጋጌው ስለ ሰውነት ፍተሻ ቢሆንም፣ እንኳን ያልተያዘችን ሴት የተያዘችንም ወንድ እንዳይፈትሽ የከለከለ ሕግ በእጇ የያዘችውን ቦርሳ ወንድ እንዲዘረግፈው ይፈቅዳል ብሎ መተርጎም ይከብዳል። ስልክዎን በተመለከተ ግን ምንም የሚያከራክር ነገር አይታየኝም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ንኡስ አንቀጽ 2 በቴሌፎንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የሚደረጉ ግንኙነቶች እንደማይደፈሩ ይናገራል። መኪና ውስጥ የተሸሸገ ዕቃ መፈለግና የሰውን መልእክት ማንበብ ፈጽሞ አይገናኙም።

መልስ፦ ከ«ጡረተኛው»

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን በፖሊስነት ያሳለፍሁ ሰው ነኝ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ጠበቃው የተናገሩትን አከብራለሁ፤ ነገር ግን በሌሊት መንገድ ላይ የቆመውንም ሰው ማየት ያስፈልጋል። በዚህ መስመር የጦር መሣሪያ በስኮርታ ጎማና በበር ሽፋን ውስጥ ተደብቆ ሲያልፍ አይቻለሁ፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የወጣውም ያለ ምክንያት አይደለም። ጥቆማ የሚመጣው «ነጭ ቪትዝ፣ ውስጡ ሴትና ልጅ አለ» ተብሎ ሊሆን ይችላል፤ ሴትና ልጅ ተሳፍረው መፈተሻቸው ብቻውን ክፋት አይደለም። ለፍርድ ቤት ትእዛዝ እንሂድ ብንል መኪናው አዲስ አበባ ገብቶ ዕቃው ተከፋፍሎ ያልቃል።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ አንተ የገለጽከው ፍተሻ እኛ ከተማርነው ጋር አይገጥምም። ሲቪል የለበሰ ባልደረባ መኖሩ ያለ ነገር ነው፤ መታወቂያውን ያለማሳየቱ ግን ስሕተት ነው። ሻንጣውን ባለቤቱ ራሱ ይከፍታል፤ ፖሊሱ ያያል። እኛ ለሴት ቦርሳ ሴት ባልደረባ እስክትመጣ እናስቆም ነበር፤ ሴት ከሌለች ደግሞ ባለቤቷ ራሷ ዕቃዋን እያወጣች ታሳያለች።

ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ የላፕቶፑ ጉዳይ ነው። ተመልሶልሃል፤ ይሁንና ያለ ፊርማ መመለሱ ሲገባም ያለ ፊርማ እንደገባ ያሳያል። ዕቃ ጣቢያ ሲገባ በዕለት ሁኔታ መዝገብ ይጻፋል፤ የተያዙ ዕቃዎች ወደሚጠበቁበት ኤግዚቢት ክፍል ሲገባ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሲወጣ ተረካቢው ይፈርማል። ከእነዚህ አንዱም ካልተደረገ ዕቃው በሰው እጅ እንጂ በጣቢያው እጅ አልነበረም ማለት ነው። አሁንም ወደ ተረኛው አትመለስ፤ ተረኛ ከዚህ በላይ ሊነግርህ አይችልም። በሥራ ሰዓት የጣቢያውን አዛዥ በጽሑፍ ጠይቅ፤ ማመልከቻህን መዝገብ ቤት አስገብተህ በቅጂህ ላይ ማኅተምና ቁጥር አስደርግበት። አዛዡ በቃል ያልሰማውን በቁጥር ሲመጣበት ይሰማዋል።

ጠያቂው፦ «የወለንጪቲ መንገድ»

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አባቴ፣ የላፕቶፑን ነገር እንደዚያ አላሰብኩትም ነበር። አንድ የረሳሁት ነገር አለ፤ ስልኩን ሲወስዱ ካርቶኑን ቀደው ኮፈን ውስጥ ጥለውት ስለነበር ካርቶኑ ከነመለያ ቁጥሩ እኔ ዘንድ ይገኛል። የምፈራው ግን ደረሰኝ ስለሌለው «ኮንትሮባንድ ነው» ተብዬ ራሴ እንዳልከሰስ ነው። አንዳንድ ጓደኞቼም ለአንድ ስልክ ብለህ ነገር አታክርር ይሉኛል።

መልስ፦ ከ«ጠበቃ በአዳማ»

ሥጋትዎ መሠረት የለውም አልልም። ዕቃው ቀረጥ ያልተከፈለበት ነው ከተባለ ሊወረስ ይችላል፤ የደረሰኝ አለመኖርም አቋምዎን ያዳክማል። ይሁን እንጂ ነገሩን በሁለቱም በኩል ያጢኑት። ስልኩ ኮንትሮባንድ ነው ተብሎ የተያዘ ከሆነ፣ የያዘው ፖሊስ ለጉምሩክ ማስረከብ ነበረበት፤ ርክክቡ የሚፈጸመው ደግሞ በሰነድ ነው። የጉምሩክ ሕግ ለጠቋሚና ለያዥ ወሮታ ስለሚፈቅድ፣ በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው ያለ ሰነድ ማስረከብ ለራሱም አይጠቅመውም። ኮንትሮባንድ ካልሆነና ለወንጀል ማስረጃነት ከተያዘ ደግሞ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 33 በሥራ ላይ ይውላል፤ የተያዘው ዕቃ ዝርዝር መጻፍ አለበት፣ የሚቻል ሲሆን ገለልተኛ የሆነ ሰው አይቶ ይፈርምበታል፣ ዕቃውም ፍርድ ቤት እስኪቀርብ በአስተማማኝ ቦታ ይጠበቃል። በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ የሚደርሱት ወረቀት ላይ ነው። ወረቀት የሌለበት ሦስተኛ መንገድ ሕጋዊ ስም የለውም።

ስለዚህ በማመልከቻዎ ላይ ፍተሻው ሕጋዊ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ክርክር ግንባር ላይ አያስቀምጡት። በዚያ ነጥብ ፖሊሱ «ጥቆማ ነበረን» ብሎ ሊመልስ ይችላል፤ ጥቆማው እንዳልነበረ ለማሳየት እርስዎ አቅም የለዎትም። ዕቃ ወስዶ ዝርዝር አለመስጠትን ግን በጥቆማ ማስተባበል አይቻልም። ደንበኞቼ አብዛኛውን ጊዜ የሚነድዳቸው በፍተሻው ነው፤ ክርክራቸውን የሚረቱት ግን በዝርዝሩ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የመኪናውን ሰሌዳ፣ የፖሊሶቹን መልክና የነበራቸውን ተሽከርካሪ፣ በማግስቱ ያነጋገረዎትን ተረኛ ሁኔታ ይጻፉ። እህትዎ ያዩትን ለብቻቸው ይጻፉ፤ አንድ ላይ ተቀምጣችሁ አንድ ዓይነት ቃል አትጻፉ። መሥሪያ ቤትዎም ላፕቶፑ የራሱ ንብረት መሆኑንና ተይዞ መመለሱን የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ቢሰጥዎ፣ የላፕቶፑ መያዝ የስልኩንም መያዝ ይደግፋል።

አዛዡ በተገቢው ጊዜ ካልመለሰ ጉዳዩን ለበላይ የፖሊስ አካል፣ ከዚያም ለዐቃቤ ሕግ ያቅርቡ፤ ሥልጣንን አላግባብ መጠቀም ወንጀል ነው። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምና የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም እንዲህ ያለ አቤቱታ ይቀበላሉ፤ ነገር ግን ስልክ ለማስመለስ ፈጣኑ መንገድ እነሱ አይደሉም።

መልስ፦ ከ«የልጆች እናት»

ስለ እህትዎ ቦርሳ ማንም ብዙ ስላልተናገረ ነው የምጽፈው። እኔም በዚሁ ከተማ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ደርሶብኛል፤ በወቅቱ ቦርሳዬን አልከለከልኩም፣ «ሴት ፖሊስ ትምጣ፤ እስከዚያው እኔ እያወጣሁ ላሳይዎት» ነው ያልኩት። ሰውየው ጥቂት ካመነታ በኋላ እሺ አለ። ይህን ማለት የተቻለኝ ቀን ስለነበርና ሰው በአካባቢው ስለነበረ መሆኑን አውቃለሁ፤ በጨለማ ሕፃን ታቅፋ የቆመች ሴት ለምን አልተከራከረችም ሊባል አይገባም። ከማመልከቻው ላይ ግን የቦርሳው ነገር እንዳይወጣ። ጠበቃው ዝርዝሩ ይቅደም ማለታቸው ይገባኛል፤ ሆኖም ስልክ ስለጠፋ ብቻ የምንጽፍ ከሆነ፣ ምንም ያልጠፋባቸው ሴቶች ምን ብለው ሊያመለክቱ ነው?

መልስ፦ ከ«ጠበቃ በአዳማ»

ትክክል ነዎት እህቴ። የእህትየው ጉዳይ በራሳቸው ስም፣ በተለየ ማመልከቻ ቢቀርብ ይሻላል፤ ተበዳይዋ እሳቸው ስለሆኑ በወንድማቸው ማመልከቻ ውስጥ አንድ መስመር ሆኖ መቅረት የለበትም።

ጠያቂው፦ «የወለንጪቲ መንገድ»

እህቴ በዚህ ተስማምታለች፤ የራሷን ትጽፋለች። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ልጨምር። እኔ አፋን ኦሮሞ እሰማለሁ እንጂ አልጽፍም። ማመልከቻውን በአማርኛ ባስገባ ይቀበሉኛል?

መልስ፦ ከ«ጡረተኛው»

ልጄ፣ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በዚያ ብታስገባ ጉዳይህ ለትርጉም ተብሎ አይዘገይም። ፍርድ ቤት በር ላይ ያሉት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ሁለቱንም ቋንቋ ይጽፋሉ። አንተ በአማርኛ አድርገህ ሐሳብህን ጨርሰህ ጻፈው፤ እነሱ ይተርጉሙልህ፤ ሁለቱንም አያይዘህ ፈርምባቸው። የተተረጎመውን ግን ከመፈረምህ በፊት አፋን ኦሮሞ አንብቦ የሚረዳ ወዳጅህ ያንብብልህ፤ ጸሐፊ «ወሰዱብኝ» ያልከውን «ሰረቁኝ» ብሎ ሲያጋግለው አይቻለሁ፤ እንዲህ ሲሆን አዛዡ ጉዳዩን ትቶ ቃሉን ይይዛል። ካርቶኑንም አታስረክብ፤ መለያ ቁጥሩ የሚነበብበትን ፎቶ ኮፒ ብቻ አያይዝ፤ ዋናውን «አምጣ» ቢሉህ አሳይተህ ትመልሰዋለህ።